ሁለተኛ ዲግሪዬና የእትዬ ዘነበች ቁልፍ

ሰው ደስ ሲለው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። አንዳንዱ ይዘፍናል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ እኔ ግን ሰፈር አሳምማለሁ። ማጋነኔ አይደለም። በደርግ ጊዜ አዋሳ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሠራሁትን ላጫውታችሁና እናንተው ፍረዱ።

ሥራዬ ሳኒታሪያንነት ነበር። ሳኒታሪያን በመንግሥት ቋንቋ የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያ ማለት ሲሆን በሰፈሬ ቋንቋ ደግሞ «የሽንት ቤቱ ሰውዬ» ማለት ነው። በብስክሌቴ ብቅ ስል ሰዉ ጓሮውን ማጽዳት ይጀምራል። ሠርግ ቤት ተጠርቼ ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጎርስ አንዱ ጠጋ ይልና የጉድጓዱ ጥልቀት ስንት ይሁን ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ሙያዬ ነውና ጉርሻዬን ውጬ እነግረዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ግን ሳህናቸውን ይዘው ወደዚያ ፈቀቅ ይላሉ።

አዋሳ ላይ ሽንት ቤት ማስቆፈር ምን ማለት እንደሆነ ያላየ አያውቀውም። በሐይቁ በኩል ትንሽ እንደቆፈርክ ውሃ ይመጣል። በታቦር ተራራ በኩል ደግሞ ትንሽ እንደቆፈርክ አለት ይገጥምሃል። ስለዚህ ግማሹን ቀኔን ከውሃ ጋር፣ ግማሹን ከድንጋይ ጋር ስጣላ ውዬ ማታ ቤቴ እገባለሁ። ቤቴ ደግሞ በሐይቁ በኩል ነው። ጓሮዬን ደጋግሜ ቆፍሬ ደጋግሞ ውሃ ሞላብኝ፤ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ልጆቼ የወረቀት ጀልባ ለቀቁበት። አዎ፣ በደንብ ሰምታችኋል፤ ሰውን ሁሉ ሽንት ቤት ቆፍር እያልኩ የማስጨንቀው ሰውዬ የራሴ ሽንት ቤት አልነበረኝም።

የምንጠቀመው የእትዬ ዘነበችን ነበር። እትዬ ዘነበች በአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከደጃቸው ላይ የሐይቅ አሳ እየጠበሱ በመሸጥ ነው የሚተዳደሩት። ነፍሳቸውን ይማርና ባላቸው በጓሮው ከፍ ብሎ ከሚታየው ቦታ ላይ ያስቆፈሩት ሽንት ቤት ለሰፈሩ ብርቅ ነው። ቁልፉ መዳፍ በሚያክል እንጨት ታስሮ ከበራቸው መቃን ላይ ይንጠለጠላል። እሱን ለማንሳት መጀመሪያ እንዴት አደሩ ማለት፣ ከዚያ ወገባቸውን እንዴት እንዳደረጋቸው መጠየቅ፣ ከዚያም አሳ አጥማጆቹ ዋጋ ጨመሩ ብለው ሲያማርሩ ቆሞ መስማት ያስፈልጋል። ሆዱን ለያዘው ሰው ይህ ሁሉ ሰላምታ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለቤቴ ማርታ ሌላውን ሁሉ ትችላለች፤ ይህን ቁልፍ ልመና ግን ልትለምደው አልቻለችም። የወላይታ ልጅ ናት፤ አባቷ ቤት ሰው ደጅ ቆማ አታውቅም። የራሴን ቁልፍ የምይዘው መቼ ነው ብላ በጠየቀችኝ ቁጥር ክረምቱ ይውጣና እላታለሁ። ክረምቱ ይወጣል፣ ሌላ ክረምት ይገባል፣ እኔም ያችኑ መልሴን እደግማለሁ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ጓድ ታደሰ ቢሮው ያስጠራኝ። ጓድ ታደሰ ሰውን ሲያስጠራ ወይ ለስብሰባ ነው ወይ ለዘመቻ፤ እኔም ለየትኛው እንደሆነ እያሰላሰልኩ ገባሁ። ተቀመጥ አለኝ። አዲስ አበባ ያለው ዩኒቨርሲቲ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ እንደሚሰጥ፣ ለክፍለ ሀገራችን አንድ ቦታ እንደደረሰና በስሜ እንደጸደቀ ነገረኝ። ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። ቀጥሎ ዘርፎቹን በጣቱ እያጠፈ ቆጠረልኝ፤ ሥነ ምግብ አለ፣ ኤፒዴሚዮሎጂ አለ፣ የጤና ትምህርት አለ፣ የጤና አስተዳደር አለ፣ ያው ያንተም የአካባቢ ጤና አለ አለኝ። የመጨረሻዋን እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኳት። ከሽንት ቤት የምገላገልበት በር ተከፍቶልኝ ተመልሼ ሽንት ቤት ልገባ?

«የመረጥከውን ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት በስልክ ታሳውቃለህ» አለኝ ጓድ ታደሰ። «ካላሳወቅህ ቦታው ለባሌ ክፍለ ሀገሩ ሰው ይሰጣል።»

የባሌውን ሰው አይቼው አላውቅም። እስከ ዛሬም አላየሁትም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን ጠላቴ ሆነ። ጎባ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ስልኩን እያየ የኔን መሳሳት የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

ከቢሮው ስወጣ ብስክሌቴን እየነዳሁ ነው ወይስ እሷ ናት የምትነዳኝ፣ እንጃ። ከዋናው መንገድ እስከ ቤቴ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ቆም እያደረግሁ ነገርኩት። ጋሪ ነጂ አልቀረኝም። ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ማርታ በሩ ላይ ቆማ እየሳቀች ጠበቀችኝ። አቅፋ ሳመችኝና ምን ልትማር ነው አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የመረጥኩት ነገር እንደሌለ ትዝ ያለኝ።

እኔ ግን ለመምረጥ የሚቸግረኝ ሰው አይደለሁም፤ የሚቸግረኝ መተው ነው። በዚያች ደቂቃ ሥነ ምግብን ወደድኩ። የሚበላ ነገር ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሠርግ ቤት ቢጠይቁኝም አያሳፍረኝም። እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ ማታ ጎረቤት እንደሚመጣ የታወቀ ነው፤ ታዲያ ለምን የወደፊት ሙያዬን አላቀምሳቸውም ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ጓዳ ገባሁ። ማርታ ለቅቃልኝ ወጣች። ቀይ ቦሎቄ ከእንቁላልና ከወተት ጋር አሽቼ ገንቢ ምግብ ሠራሁ። ማርታ በበሩ በኩል ብቅ ብላ ቦሎቄው በደንብ ይብሰል እንጂ አለችኝ። እኔ ደግሞ ብዙ ከበሰለ ቫይታሚኑ ይጠፋል ብዬ ገና ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ አወረድኩት። ይህን የት እንዳነበብኩ እስካሁን ላስታውስ አልቻልኩም።

እንግዶቹ መጡ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በቀለ መጣ። የመንደሩ ሽማግሌ ጋሽ ዳንጊሶ መጡ። ሌሎችም ጎረቤቶች ተከታትለው ገቡ። እትዬ ዘነበች ደግሞ አንድ ትሪ ሙሉ የተጠበሰ አሳ በነጠላቸው ሸፍነው ይዘውልኝ መጡ። ሊሸጡት ያሰቡት ነበር፤ ለደስታህ ይሁን ብለው እጄ ላይ አስቀመጡትና ወዲያው ወደ መጥበሻቸው ተመለሱ። እኔም አመስግኜ ተቀበልኩና ከቦሎቄዬ ጎን አኖርኩት። ከዚያ እያንዳንዱን ሰው በማንኪያ እየጨመርኩ አጎረስኩ። ከኔ እጅ የቀረበለትን ማን ደፍሮ እንቢ ይላል፤ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ነው። ጓድ በቀለ ብቻ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ከአሳው ሁለት አንስቶ ወጣ። ልጆቼ ምግቤን አሽትተው ወደ ውጭ ሮጡ፣ ማርታም ለጨው ያህል ቀምሳ ተወችው። የተረፈውን እኔ ጨረስኩት።

ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ሆዴ ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ካፖርቴን ደርቤ ወደ እትዬ ዘነበች ጓሮ ስሮጥ ምን ባይ ጥሩ ነው፤ ሰልፍ አለ። ጋሽ ዳንጊሶ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሽንት ቤቱን በር በጭንቀት ያያሉ። ከኋላቸው ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ሆዳቸውን ይዘው ይወዛወዛሉ። ከውስጥም የሚያቃስት ድምፅ ይሰማል። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር፣ ወይም ቢያንስ ያዝን ነበር። እኔ ግን፣ ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ሆዴ እየተገለባበጠ ደስ አለኝ። ወረርሽኝ ነው፤ ያውም ከደጃፌ። ሰው ለዚህ ሲል ባሕር ማዶ ይሄዳል፤ ለኔ እቤቴ ድረስ መጣልኝ። ሥነ ምግብን እዚያው ሰልፍ ላይ ትቼ ኤፒዴሚዮሎጂን መረጥኩ።

ተራዬን እየጠበቅሁ ምርመራ ጀመርኩ። ትናንት ማታ ምን በልታችኋል፣ መቼ ጀመራችሁ፣ በየስንት ጊዜው ያመላልሳችኋል እያልኩ የታመመ ሰው አደከምኩ። ጋሽ ዳንጊሶ፣ «ልጄ፣ አሁን እሱን ተውና ውስጥ ያለውን ሰውዬ ቶሎ በል በልልኝ» አሉኝ። እኔ ግን ውጤቱ ወዲያው ታየኝ። ሁሉም ትናንት እኔ ቤት ነበሩ። እኔ ቤት ምን ነበር? አሳ። አሳ ደግሞ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው። ጉዳዩ አለቀ። ከአሳው ጎን የነበረውን ሳህን በጭራሽ አላስታወስኩትም፤ የራሱን ምግብ የሚጠረጥር ባለሙያ የት አለ?

ወደ እትዬ ዘነበች በትሕትና ሄጄ፣ ያመጡልን አሳ ሳይበላሽ አልቀረም፣ ለጥቂት ቀናት ባይሸጡ ጥሩ ነው አልኳቸው። ዘይቱ ውስጥ ያለውን አሳ ገለበጡና፣ «ጠዋት ከሐይቁ የወጣ አሳ ነው ያበላሁህ» አሉኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ምንም አልነበረም። ግን ረቡዕ መጣ፤ ረቡዕ ደግሞ የጤና ትምህርትን የወደድኩበት ቀን ነው።

ማታ ላይ ሳስበው፣ በሽታን ፈልጎ ማግኘት ብቻውን ምን ያደርጋል፤ ሕዝብ ካልተማረ ከንቱ ነው የሚል ሐሳብ መጣልኝና ውስጤ ተቀጣጠለ። ከመሥሪያ ቤት የዘመቻውን ድምፅ ማጉያ ተዋስኩ፣ ጋሪ ያዝኩ፣ ከሰፈራችን ተነሥቼ ወደ ምሥራቅ በኩል እየዞርኩ ስለ አሳና ስለ ተቅማጥ አስተማርኩ። ስም አልጠራሁም። ስም መጥራት ነውር ነው። ግን «ከሐይቁ አጠገብ ካለው ከዚያ ከሰማያዊው በር ፊት ለፊት» ማለቴ አልቀረም፤ በሰፈራችን ሰማያዊ በር ያላቸው ደግሞ እትዬ ዘነበች ብቻ ናቸው። ጋሪ ነጂው ወደ ኋላ ዞሮ ሁለት ጊዜ አየኝ። እኔ የመሰለኝ በንግግሬ ተማርኮ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ እትዬ ዘነበች ደጃቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የጠበሱት አሳ ትሪው ላይ እንዳለ አለ። ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ ያልፋል። ከፊታቸው ሳልፍ እንዴት ዋሉ አልኳቸው፤ አልመለሱልኝም። ቀና ብዬ ወደ መቃኑ አየሁ። ሚስማሩ ብቻውን ነበር። ወደ ጓሮ ዞር ስል ሽንት ቤቱ ላይ ጡጫ የሚያክል አዲስ ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሆዴ ገና አልዳነም ነበር፤ ያን ሲያይ እንደገና ተነሣብኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። መሥሪያ ቤታችን ሽንት ቤት አለው፤ ከቤቴ እስከዚያ ደግሞ በብስክሌት ያስኬዳል። በዚያ መንገድ ላይ ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ ሰላም ሳልል አልፌያለሁ፤ እስካሁን የተቀየሙኝ አሉ። ማርታ ልጆቹን እየጎተተች ታቦር ግርጌ ወዳለችው አክስቷ ቤት ትመላለሳለች። ሐሙስ ጠዋት ይህን ችግር በጤና አስተዳደር እፈታዋለሁ ብዬ ቤተሰቤን ሰብስቤ ማን በስንት ሰዓት ወዴት እንደሚሄድ የሰዓት ድልድል አወጣሁ። ትንሹ ልጄ ድልድሉን ሰምቶ ሳይጨርስ ተነሥቶ ሮጠ። ማርታ አልሳቀችም።

«የፈለግኸውን ተማር፤ ደስ ይለኛል» አለችኝ። «ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ስትቀመጥ እኔ ከነልጆቼ የት ነው የምገባው?»

ክረምቱ ይውጣና ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ሐሙስ ከሰዓት ቀበሌው ለስብሰባ ጠራን። እትዬ ዘነበች ከሰውኝ ነበር። ያ ዘመን ሁሉ ነገር በስብሰባ የሚያልቅበት ዘመን እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ፤ የውሃ ቧንቧም በእጅ ማውጣት ይወሰናል፣ የባልና ሚስት ጠብም በእጅ ማውጣት ይወሰናል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጓድ በቀለ ጠረጴዛውን መታ፣ መፈክር አሰማ፣ ከዚያ ጓድ ይናገር ብሎ ወደኔ ጠቆመ። ተነሥቼ ስለ ኤፒዴሚዮሎጂ አስረዳሁ። ስናገር እንደገና ሞቅ አለኝና እጁን ያወጣ ሰው ሁሉ ይቆጠርልኝ፣ በሳይንስ አሳያችኋለሁ አልኩ። ጓድ በቀለ እጅ ማስወጣት ሲባል ዐይኑ የሚበራ ሰው ነው፤ ወዲያው ተቀበለኝ።

ከሰኞ ማታ ወዲህ ሆዱን የታመመ እጁን ያውጣ አለ። ወጣ። ዝቅ ይደረግ አለ። የእትዬ ዘነበችን አሳ የበላ እጁን ያውጣ አለ፤ ራሱ ጓድ በቀለ እጁን ቀድሞ አወጣ፣ በዚያ ሳምንት ከደጃቸው ገዝተው የበሉ ብዙ ሰዎችም አወጡ። አብዛኞቹ ደግሞ ቅድም እጃቸውን ያላወጡ ጤነኞች ናቸው። አዳራሹ አጉረመረመ። ጋሽ ዳንጊሶ ደግሞ ከነበሽታቸው እጃቸውን አላወጡም፤ አሳ ከነጭራሹ አይወዱም። ያን ጊዜ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን ጥያቄው ራሱ በጣም ደስ ስላለኝ፣ መልሱንም ለማወቅ ስለጓጓሁ፣ ከአፌ አመለጠኝ።

«የኔን ቦሎቄ የበላ እጁን ያውጣ።»

ቅድም ታምሜያለሁ ብለው ያወጡት እጆች በሙሉ፣ አንድም ሳይጨምር አንድም ሳይቀንስ፣ እንደገና ወጡ። የኔም እጅ ከመካከላቸው ነበር። ጓድ በቀለ እንደ ልማዱ ተቃውሞ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የለም። ድምፀ ተአቅቦ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ጋሽ ዳንጊሶ እጃቸውን እንዳወጡ ድምፀ ተአቅቦ አላደርግም፣ በደንብ ነው የታመምኩት አሉ። ስለዚህ ሰፈሩን ያሳመመው የኔ ቦሎቄ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ተጨበጨበ። በዓለም ላይ ወረርሽኝን ፈልጎ አግኝቶ ራሱን ያገኘ ባለሙያ ካለ ይነገረኝ፤ እኔ ግን፣ በሐፍረት እየቀለጥኩ፣ በልቤ ዘዴው ሠራ ብዬ ተደስቼ ነበር።

ወዲያው ግለ ሂስ እንዳደርግ ተወሰነ። ያውም አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ በዚያው ጋሪ፣ በዚያው መንገድ። ጋሪ ነጂው በደስታ ተቀበለኝ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ የእትዬ ዘነበች አሳ ከሐይቁ እንደወጣ ንጹሕ መሆኑን፣ ቦሎቄ በደንብ መብሰል እንዳለበት እየጮኽኩ ከተማውን ዞርኩ። ሰው ከየቤቱ እየወጣ አጨበጨበልኝ። ስመለስ በሰማያዊው በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ ይሄኛው ሰልፍ ግን የአሳ ነው። እኔም ተሰልፌ አንድ ገዛሁና ከፊታቸው ቆሜ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። እትዬ ዘነበች አሳውን በወረቀት ጠቀለሉልኝ። ቁልፉን ግን ለማርታ እንጂ ለአንተ አልሰጥም፣ ስትፈልግ እሷን ትጠይቃለህ አሉኝ። እንደዚያም ሆኖ እፎይ አልኩ።

ዓርብ ጠዋት አእምሮዬ ባዶ ሆኖ ነቃሁ። ሥነ ምግብን ሞክሬ ሰፈር አሳመምኩ። ኤፒዴሚዮሎጂን ሞክሬ ንጹሕ ሰው ከሰስኩ። የጤና ትምህርትን ሞክሬ ያንን ክስ በማጉያ ነዛሁ። አስተዳደሩን ልጄ ጥሎት ሮጠ። ወደ ቢሮ ስገባ ባልደረቦቼ ስልኩን ከበው ይጠብቁኛል። ወባ ክፍል ያለው በአንድ ጆሮዬ፣ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ በሌላው ጆሮዬ እየመጡ ለየራሳቸው ሥራ የሚጠቅመውን ዘርፍ ሹክ ይሉኛል፤ ተምሬ ስመለስ ሥራ እንድጋራቸው ነው። ጓድ ታደሰ ሰዓቱን እያየ፣ የባሌው ሰው ደውሎ ጠይቋል አለኝ። ይህን ሲለኝ ስልኩን አነሣሁ።

ስልከኛዋ ከአዲስ አበባ ጋር ስታገናኘኝ ግማሹ መሥሪያ ቤት በመስኮት በኩል ይሰማል። መስመሩ ይንጫጫል፤ መጮኽ ነበረብኝ። ከወዲያ አንድ ቀዝቀዝ ያለ የአዋቂ ድምፅ ስሜን ጠየቀኝና የትኛውን ዘርፍ ነው የመረጥከው አለኝ። ሁሉንም ልለው ፈለግሁ፤ አንዱንም አልፈልግ ልለውም ፈለግሁ። ሰውዬው ትንሽ ጠብቆ፣ ግድ የለም፣ እስቲ እዚያ ምን ስትሠራ እንደቆየህ ንገረኝ አለኝ።

እንግዲህ ይህ ጥያቄ ነው ያመጣው። በሐይቁ በኩል ውሃ፣ በታቦር በኩል ድንጋይ መሆኑን ነገርኩት። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቡሹሎ የአፈሩን ነገር፣ ዝናቡ ሲበረታ ሐይቁ እንዴት በምድር ውስጥ ለውስጥ እንደሚመጣ፣ ጉድጓድ ወደ ታች አልሆን ካለ ወደ ላይ ለምን አይሠራም፣ አፈር ሞልቶ፣ በድንጋይ ከብቦ፣ ደረጃ ሠርቶለት፣ ከፍ አድርጎ ለምን አይሆንም እያልኩ ቀጠልኩ። ይህን የመጨረሻውን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም፤ ስልኩን ይዤ እየጮኽኩ ነው የመጣልኝ። ስልከኛዋ ገብታ ሦስት ደቂቃው አልቋል አለች፤ ጨምሪልኝ አልኳት። እንደገና ገባች፤ እንደገና ጨምሪልኝ አልኳት። በግራ እጄ ስልኩን ይዤ በቀኝ እጄ ጉድጓዱን አየር ላይ እየገነባሁ ነበር። ጓድ ታደሰ የቀለም ብልቃጡን ከፊቴ አሸሸው። በመጨረሻ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆምኩ።

«እንግዲህ መርጠሃል» አለኝ ሰውዬው። «የአካባቢ ጤና ብዬ እይዝልሃለሁ።»

መስመሩ ተቋረጠ። እኔም መነጋገሪያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። የሸሸሁት ነገር በር ከፍቶ ገባ፤ የገባውም እኔው ጠርቼው ነው። ባልደረቦቼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ዕንባዬ መጣ። እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። የባሌው ሰው በየትም ቢሆን እግዚአብሔር ይባርከው አልኩ።

ማርታን ስነግራት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝና ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ምን ስትፈልግ ነበር አለችኝ። ክረምቱ ይውጣና አላልኳትም። በዚያው ክረምት፣ በዝናቡ መሀል፣ በስልክ የገነባሁትን በጓሮዬ ገነባሁት። ድንጋዩን ከታቦር ግርጌ በጋሪ አስመጣሁ። ጭቃ እስከ ጉልበቴ ሆኜ አፈር ሞላሁ፣ ከበብኩ፣ ደረጃ ሠራሁ። ሲያልቅ ከሰፈሩ ቤት ሁሉ ከፍ ብሎ ታየ፤ በሩ ላይ ሲቆሙ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። ልጆቼ ሰገነት ብለው ስም አወጡለት። ቁልፉን በእንጨት አስሬ፣ እንጨቱን ከእትዬ ዘነበች እንጨት ትንሽ ተለቅ አድርጌ፣ ለማርታ በአደባባይ አስረከብኳት። ተቀብላ አየችው፣ ገለባበጠችው፣ ከዚያ ዞር ብላ ዐይኗን ጠራረገች።

የዚያ ዓመት ዝናብ ግን ከባድ ነበር። ነሐሴ ላይ ሐይቁ በምድር ውስጥ ለውስጥ መጥቶ የእትዬ ዘነበችን ጉድጓድ ሞላው። አንድ ጠዋት እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካክለው ደጃችን መጡና ማርታን እንዴት አደርሽ አሏት። ማርታ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰቻቸውም፤ ሮጣ ቁልፉን አምጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ቤት በአንድ ቁልፍ ይኖር ጀመር። ሌላ ቁልፍ እናስቀርጽ እየተባባልን የመሄጃዬ ቀን ደረሰ።

ምዝገባው ገና ሁለት ቀን ቢቀረውም መታገሥ አልቻልኩም። በጠዋት ተነሣሁ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሰገነቴ ላይ ወጥቼ ሐይቁን አየሁ፣ አዲሱን ልብሴን ለበስኩ። ሰፈሩ ሁሉ አውቶብስ መነሻ ድረስ ሸኘኝ። ጋሽ ዳንጊሶ መረቁኝ፣ ጓድ በቀለ ሕዝቡን አስጨበጨበ፣ ጋሪ ነጂው ሻንጣዬን ያለ ክፍያ አመጣልኝ። ማርታ እየሳቀችና እያለቀሰች ነበር። እትዬ ዘነበች በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ አሳ በመስኮት አቀበሉኝና እንዳታስተምርበት ብቻ አሉኝ። አውቶብሱ ሲነሣ ከደስታዬ ብዛት ለማላውቀው ሰው ሁሉ እጄን አውለበለብኩ።

ሻሸመኔ ደርሰን ሰው ሲወርድና ሲሳፈር አሳዬን ልበላ መሐረብ ፍለጋ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። መሐረብ አላገኘሁም። ያገኘሁት ከመዳፍ ተለቅ ያለ እንጨት ነው።

ከኪሴ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ቤት፣ ማርታ፣ ልጆቼ፣ እትዬ ዘነበች፣ ሁሉም በዚህች ቁልፍ ላይ ናቸው። ረዳቱ ከኋላ ግቡ ግቡ ይላል። ፊት ለፊቴ አዲስ አበባ አለ፣ ዲግሪው አለ፣ ደብተር ገና ያልተገለጠበት። አንድ ነገር ለመምረጥ ሳምንት ሙሉ ከተማ ያመስኩት ሰውዬ ያን ጊዜ ግን አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሻንጣዬን ከጣሪያ አስወርጄ፣ ወደ አዋሳ የሚመለስ ጭነት መኪና ላይ ከጤፍ ጆንያ በላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ሰፈሬ ስደርስ ጓሮዬ ውስጥ ማርታና እትዬ ዘነበች ጎን ለጎን ቆመው የሰገነቱን የተዘጋ በር ያያሉ፤ ትንሹ ልጄ እግሮቹን አጣምሮ በአንድ ቦታ ይዘላል። ከፊት እስከ ኋላ የጤፍ ብናኝ ለብሼ፣ ሻንጣዬን በአንድ እጄ፣ ቁልፉን በሌላው እጄ ይዤ ቆምኩ። እትዬ ዘነበች ቁልፉን ከእጄ ወስደው ለልጁ ሰጡትና ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኙኝ።

«እንዴ፣ ተመርቀህ መጣህ?» አሉኝ።